ከሩቅ የሚታይ ፊት

ሆሳዕና ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ባጃጅ ቢያንስ ሰው እስኪሞላ ይቆማል። የሞት ወሬ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ገበያውን ሁሉ ዞሮ፣ ባለቤቱ ደጅ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቱ ያልፋል። መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ አፍ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ከዚያ በፊት ለባለቤቱ ትንፍሽ ያለ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ይታማል።

እንግዲህ ከሽማግሌዎቹ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሟቸው የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ፓስተር አይደለም፣ ሐኪምም አይደለም። ዋለ ይባላል። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው የሙስጠፋ ባነር ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ፎቶ የሚያስተካክል ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሀዲያና የከምባታ ወጣት ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ያልሄደው ሊሄድ ነው፤ የመሄድ አሳብ የሌለው ደግሞ ወንድሙ ሄዷል። ከሄዱት አንዱ እዚያው ሲያርፍ ጓደኞቹ መጀመሪያ ለሰፈሩ ሽማግሌ ይደውላሉ፤ ቀጥለው ፎቶ ይልካሉ። ድንኳኑ ሲተከል መግቢያው ላይ የሟቹ ፊት ያለበት ትልቅ ባነር ይሰቀላል። አስከሬኑ የማይመጣ ከሆነማ ለቀስተኛው ዞሮ የሚያለቅስበት ያው ባነር ብቻ ነው። ባነሩ ደግሞ ከመርዶው በፊት ታትሞ መድረቅ አለበት። ስለዚህ እናት ገበያ ላይ በበርበሬ ዋጋ እየተከራከረች ሳለ፣ ዋለ የልጇን ጆሮ እያጎላ ነው።

በዚህ የተነሳ ሰው ይፈራዋል። ሻይ ቤት ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ፊት ፊቱን ያየዋል። አንድ ሰሞን ጥርሱን አሞት ጉንጩን ጨምድዶ ሲዞር የመንደሩ የስልክ ካርድ አለቀ ይባላል፤ ሁሉም ልጁ ጋ እየደወለ። ዕድሜው አርባ እየገፋ ነው፣ አላገባም። አንዲት ሴት ፎቶዬን አሳምርልኝ ብላው አታውቅም። ማን ከነፍሷ ተጣልታ?

በሩ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፏል፦ «በፎቶ አትላኩ፤ በፋይል ላኩ»። ቴሌግራም ፎቶን በፎቶነቱ ሲልክ ይጨምቀዋል፤ አንዱ ለሌላው ሲያስተላልፈው፣ ያኛው ደግሞ ስክሪኑን አንስቶ ሲልከው፣ ሆሳዕና የሚደርሰው ፊት ሳይሆን የፊት ጭማቂ ነው። ሰው ግን ወረቀቱን አንብቦ ጨርሶ በፎቶ ይልካል። ስልኬ ላይ ጥርት ያለ ነው ብሎም ይሟገታል። ዋለ በአንድ ማንኪያ ቅቤ የሠርግ ቆጮ አይለወስም ይለዋል። ከዚያ ግን ተቀምጦ ይሠራዋል። የተጨመቀውን እያጎላ፣ እንደ ኩርማን ቆርቆሮ የተደረደሩትን ነጠብጣቦች እያለሰለሰ፣ የጎደለውን ቅንድብ ከሌላው ቅንድብ እየገለበጠ ሰው ያደርገዋል። የሆነለትን ያህል ሆኖ ደንበኛው አፍንጫውን ባነሩ ላይ ለጥፎ ደብዝዟል ሲል፣ መልሱ አንድ ነው።

«ባነር ከሩቅ ነው የሚታየው። ራቅ ብለህ እየው።»

ደንበኛው ራቅ ይላል። ይሄን ጊዜ እውነትም ያጎቱ ልጅ ነው።

በዚህ ሙያው ስሙ ወጥቶ የሺንሺቾውም የጃጁራውም ማተሚያ ቤት ፊት ሲበላሽበት ወደ እሱ ይልካል። የዱራሜው ኢልያስማ ፎቶሾፕን የተማረው እዚሁ እሱ ጎን ተቀምጦ ነው፤ የከበደው ፊት በመጣ ቁጥር ወደ ዋለ ይልካል፣ ዋለ አጽድቶ ይመልሳል፣ ኢልያስ ያትማል። ይህን በሙያው ያሉት እንጂ ሌላ ሰው አያውቅም። ሽማግሌ ከየት ያውቃል?

አንድ ጠባይ ደግሞ አለው። ፋይሉን የሚከፍተው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ከፍቶ ወዲያው በግምት መሀሉ ላይ፣ ፊቱ በሚኖርበት ቦታ፣ ነጭ ክብ ይጥልበታል። ከዚያ ሥራውን ከዳር ይጀምራል፦ ግድግዳውን፣ ትከሻውን፣ የሸሚዙን ኮሌታ። ስሙንና የመጽሐፍ ቅዱሱን ቃል የሚያሰፍርበትን ቦታ ይለካል፣ ገመድ ለሚገባበት የብረት ቀለበት የሚታጠፈውን ጠርዝ ይተዋል። ፊቱ ለመጨረሻ ነው። ሙስጠፋ ይህን እያየ ይስቅበት ነበር፤ ሙሽራ ይመስል ዓይነ ርግብ ታለብሳቸዋለህ ይለዋል። አንድ ቀን ምክንያቱን ሲሰማ ግን መሳቁን ተወ።

ታናሽ ወንድሙ ሚክያስ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ካለፈው መስቀል ወዲህ ግን ድምፁ ጠፍቷል። ጓደኞቹ ሲጠየቁ ገጠር ገብቷል፣ ኔትወርክ የለውም ይላሉ። ዋለ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ቀን ዓይኑን ሲገልጥ ያ ፊት ያ ኮምፒውተር ላይ እንዳይጠብቀው።

እናታቸው እማማ ገነቴ ደግሞ የልጃቸውን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁታል። ማታ ማታ ገና ደጁን ሲረግጥ፣ ደህና ዋልክ ወይ ከማለታቸው በፊት «ዛሬስ?» ይሉታል። እሱም «የእኛ አይደለም፣ አማ» ይላል፤ እናቱን በሀድይኛ መጥራቱ ነው። የማን እንደሆነ አይጠይቁም፤ እሱም አይናገርም። በዚያች ቃል ራታቸውን ይበላሉ፣ በዚያች ቃል ይተኛሉ። ከዚያ ለሚክያስ በሀድይኛ የሚያወሩትን ዋለ በስልኩ ቀድቶ በዋትሳፕ ይልክላቸዋል። ላም ወለደች፣ የጎረቤቱ አጥር ወደ እኛ ገፋ፣ አንተ ወፍረሃል ወይስ ከስተሃል። መልእክቶቹ ሁሉ አንድ አንድ ጭረት ይዘው በረድፍ ቆመዋል፤ አልደረሱም።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ዋለ ወደ ሥራ ሲሄድ መናኸሪያው ጋ ጋሽ ኤርሲዶን አገኛቸው። የሰፈራቸው ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ዋለን ሲያዩ ከሩቅ እየጠሩ፣ መቼ ነው የምታገባው እያሉ ሕዝብ መሀል የሚያሳፍሩት። ያን ቀን ግን አልጠሩትም። የዱራሜ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ሄዶ በመስኮቱ ሰላም ሲላቸው፣ ዱራሜ አንዲት ጥሩ ጊደር አለች ሲባል ሰምቼ ልያት ብዬ ነው አሉት። ኮትና ክራባት አድርገዋል። በሀዲያ ታሪክ ክራባት አስሮ ጊደር ለማየት የሄደ ሰው ጋሽ ኤርሲዶ የመጀመሪያው ናቸው። ዋለ የሽማግሌ ክራባት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ የዱራሜ መርዶ ነው፣ ልጇን ያጣችው የዱራሜ እናት ናት ብሎ በሆዱ ከንፈሩን መጥጦ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ኢልያስ ደወለ። «ዋልዬ፣ አንድ ፊት ልኬልሃለሁ። ሁለት በሦስት ሜትር ነው የሚታተመው፤ የላኩት ግን የማስቲካ ልጣጭ ታክላለች። አንተ ካላዳንከው አይድንም።» ስሙን ሲጠይቀው፣ ስሙ ነገ ይነገርሃል ብለው ቦታውን ባዶ አስተዉኝ አለ። ዋለ ነገሬ አላለውም። የቤተሰብ ሰው እንዳይሰማ ስም መሸሸግ አዲስ ነገር አይደለም።

ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተው፤ ነጩን ክብ ጣለበት፤ ገለጠ። የስልክ ስክሪን ፎቶ ነበር፤ ከላዩ የባትሪውና የሰዓቱ ምልክት ሳይቀር አብሮ መጥቷል። ቆርጦ ጣለው። ከኋላ የሱቅ መደርደሪያና የብረት ፍርግርግ አለ። አጠፋው፤ ሰማያዊ አደረገ። ሰማያዊውን ጠቆር አደረገው፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ሲታተም ወይን ጠጅ ሆኖ እንደሚያሳፍር ያውቃል። ሰውዬው ሰፊ ትከሻ አለው፤ ጃኬቱ ጠቦታል። የተመቸው ሰው ነበር አለ ለራሱ።

ከዚያ ክቡን አነሳና በጣም አጉልቶ ከላይ ጀመረ። ሲጎላ ፊት ፊት አይደለም፤ ግራጫና ቡናማ ካሬዎች ናቸው። ኮፍያውን አለሰለሰ፣ ግንባሩን አስተካከለ። የግራ ቅንድቡ ጋ ሲደርስ መሀሉ ላይ ነጣ ያለ ክፍተት አገኘ፤ ፋይል ሲጨመቅ የሚተወው እድፍ መሰለው። ብሩሹን አንስቶ ፀጉር በፀጉር ቀባው፤ ሸፈነው።

እጁ ቆመ።

ሰው የማያውቀውን እጁ ያውቀዋል። ይህቺን ቅንድብ ያ እጅ ከዚህ በፊት ቀብቷታል፤ በዚሁ ብሩሽ፣ በዚሁ ጥምዝ። ሚክያስ ሊሄድ ሲል እዚሁ ማተሚያ ቤት አንድ ትልቅ፣ ጥርት ያለ ፎቶ ተነስቶ ነበር። ልጅ ሆኖ የቤቱ ጣሪያ ሲቀየር የቆርቆሮ ጠርዝ የግራ ቅንድቡን ለሁለት ከፍሎት፣ ከዚያ ወዲህ መሀሉ ላይ ፀጉር በቅሎ አያውቅም። በዋለ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ፣ ይችን አጥፋልኝ፣ እዚያ ሄጄ ሌባ ልምሰል እንዴ ብሎ ለመነው። ዋለም አጠፋለት። እናታቸው ፎቶው በፍሬም ሆኖ ሲመጣ አይተው የማን ልጅ ነው አሉና ወደ ግድግዳው አዞሩት። ጠባሳዋን እመልሳታለሁ ብሏቸው ነበር። ሲፈልግ ግን የተቀባውን በዋናው ላይ ደርቦ አስቀምጦት ኖሯል፤ ጠባሳ ያለበት ሚክያስ ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል።

ዋለ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ተጫነ። ጠባሳዋ ተመለሰች። ደጋግሞ ተጫነ። ግንባሩ፣ ኮፍያው፣ የሱቁ ፍርግርግ፣ ባትሪውና ሰዓቱ ሳይቀር ተመለሱ፤ ፋይሉ እንደመጣ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ የሚመልሰው ነገር አልነበረውም።

ኢልያስ ጋ ደውሎ ማን እንዳመጣው ጠየቀ። አንድ ክራባት ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው አለ ኢልያስ፤ ሆሳዕና ማንም እንዳይሰማ፣ በተለይ ማተሚያ ቤቶቹ እንዳያዩት ብለው አስምለውኛል። ሳቅ ብሎም ጨመረበት።

«አንተን ግን ከሰው አልቆጠርኩህም። አንተ መቃብር ነህ፤ የገባብህ አይወጣም።»

ዋለ አዎ አለው።  ጋሽ ኤርሲዶ ከእሱ ሊሸሽጉት ክራባት አስረው ዱራሜ ድረስ መንገድ በልተዋል፤ ፊቱ ግን ከእሳቸው ቀድሞ ወደ ሆሳዕና ተመልሷል። ይህን ለማን ይናገረዋል? ለእናቱ እንዳይነግር የመርዶው ወግ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ፣ ደጋፊ ሴቶች ሳይሰበሰቡ እንዲህ ያለ ነገር ለአንዲት እናት ብቻዋን አይነገርም። ለሽማግሌዎቹ እንዳይነግር ደግሞ ለእሱ ብለው ነው የደከሙት።

ያ ትልቁና ጥርት ያለው ፎቶ፣ ጠባሳው ተቀብቶ እንደጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ቢልከው ሁለት በሦስት አይደለም፣ የማዘጋጃ ቤቱን ግድግዳ ቢያክልም አይደበዝዝም። ፊት የሚሠራ አዲስ ሶፍትዌርም አለ፤ አንድ ቁልፍ ብትጫንለት ከምንም ተነስቶ ዓይን ያበራል፣ ጥርስ ይደረድራል፤ የሰውዬው ይሁን የሌላ ሰው ግድ የለውም። ዋለ ለስንቱ ቤት እንዲህ ያለ ፊት ሰጥቶ ተመርቆበታል። አሁን ሁለቱንም አልነካም። ሰማያዊውን እንደገና ሠራ፣ ትከሻውን ቆረጠ፣ ለስሙ ባዶ ቦታ ተወ። ፊቱን እንደመጣ፣ ከነጠብጣቡ፣ ከነጠባሳው አጉልቶ አስቀመጠው። በፋይል ላከው። ኢልያስ አይቶ፣ ዛሬ አሞሃል እንዴ፣ ምኑን ሠራኸው ብሎ ጻፈለት። እንዲሁ አትመው አለው።

ማታ ቤት ሲገባ እማማ ገነቴ ምድጃው አጠገብ ጎመን እየከተፉ ነበር። ቀና አሉ።

«ዛሬስ?»

ዋለ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ። ክሩን ፈትቶት የነበረ ቢሆንም ደግሞ ፈታው።

«የእኛ አይደለም፣ አማ።»

እሳቸውም ተመስገን ብለው ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። ራት አቀረቡ፤ በላ። ሰው የማይችለው የለም። ከዚያ እንደልማዳቸው ስልኩን አምጣ አሉት። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ የሚያያቸው ይመስል፣ ለሚክያስ ረጅም ወሬ አወሩለት። የያሆዴ በዓል ጊዜ ያስቀመጥኩልህ ቅቤ እየሸተተ ነው፣ ወይ ና ወይ ልብላው በለኝ አሉት። ዋለ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ ቀዳ። ላከው። አንድ ጭረት ወጣ። ሄደልኝ ወይ ሲሉት ሄደ አላቸው።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሽ ኤርሲዶ ያንኑ ክራባት አስረው ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። በሩን ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ክፍት ነበር። ዋለ ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ፣ በሩ ሥር ቆሟል። ለሽማግሌዎቹ መቀመጫም ደርድሯል። ጋሽ ኤርሲዶ መቀመጫዎቹን አዩ፣ እሱን አዩ፤ የዱራሜዋ ጊደር አፋቸው ውስጥ ደረቀች። ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ለተረት ብቻ ይመስላቸው ነበር።

እማማ ገነቴ ከጓዳ ሲወጡ ክራባቱንም ነጠላዎቹንም አላዩም። ያዩት በሰልፍ የተደረደሩትን መቀመጫዎች ነው። ወዲያው ወደ ዋለ ዞሩ። ሽማግሌው ገና ጉሮሮአቸውን እየጠረጉ ሳለ ጠየቁት፤ ድምፃቸውን አላነሱም።

«የእኛ አይደለም ብለኸኝ አልነበረም?»

 ከዚያ በኋላ የሆነው ከማንም ቤት አይለይም፤ አይነገርም።

ድንኳኑ ተተከለ፤ ባነሩ ከዱራሜ መጥቶ መግቢያው ላይ ተወጠረ። ስሙ ከታች በትልቁ ተጽፏል። ለወራት ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር፣ እናቴ እንዳትሰማ ብሎ ጓደኞቹን እንዳስማለ ያን ቀን ተሰማ። ፊቱን ማን እንደሠራው ወሬው ባነሩን ተከትሎ ከዱራሜ መጥቷል፤ ሐሜተኛ ደግሞ ለቅሶ ላይም አያርፍም፤ የሰው ሁሉ ፊት ሲያበራ ኖሮ የወንድሙን አደብዝዞ ሰቀለው፣ ቅናት ነው፣ አይ ድንጋጤ ነው ተባለ። ሙስጠፋ ሳይቀር ጠጋ ብሎ፣ አውርደን በሌላ ፎቶ እንደገና እናትመው፣ እኔ ጋ አሁኑኑ ይደርሳል አለው። ዋለ እንቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ረፋዱ ላይ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። እዚያ ማዶ ጓደኞቹ የሚክያስን ስልክ ከፍተው ኖሯል። ከመስቀል ወዲህ የተላኩት የእናቱ መልእክቶች በሙሉ፣ ላሟ፣ አጥሩ፣ ቅቤው፣ ባንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ጭረት አወጡ። ደረሱ። ዋለ አንዲት ትንፋሽ ለምታህል ጊዜ ልቡ ዘለለች፤ ከዚያ የት እንደቆመ ትዝ አለው። ስልኩን አጥፍቶ ወደ ኪሱ መለሰ።

እማማ ገነቴ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ወደ ባነሩ ሄዱ። አፍንጫቸው ሸራውን እስኪነካ ተጠጉ። ከዚያ ቅርብ ሆኖ የሚታየው ካሬ ካሬ ቡናማ ቀለም ብቻ ነው። ዋለ ሮጦ ደረሰባቸውና፣ የዕለት እንጀራው የሆነችው ቃል ከአፉ አመለጠችው።

«አማ፣ ራቅ ብለሽ እይው። ከሩቅ ነው የሚታየው።»

«ከሩቅ ስንት ዓመት አየሁት» አሉ።

አልራቁም። ጣታቸውን ሸራው ላይ አድርገው እንደ ዓይነ ስውር ከላይ ወደ ታች ዳሰሱ፤ ኮፍያውን አለፉ፣ ግራውን ቅንድብ አገኙ፣ መሀሉ ላይ ያለችው ክፍተት ጋ ቆሙ። ጣታቸው እዚያው ቆየች። ሴቶቹ ሊያነሷቸው ቢሞክሩ እንቢ አሉ። ከኋላ ለቀስተኛ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ወደ ድንኳኑ መግባት አልተቻለም።

 ከዚያ ቀን ወዲህ ዋለ ማታ ሲገባ ደህና ዋልክ ይሉታል፣ ራት ያቀርቡለታል። «ዛሬስ?» ብለው ግን ጠይቀውት አያውቁም። እሱ ጫማውን እያወለቀ ትንሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ ገብቶ ይቀመጣል።

ሥራ ተመልሷል። ፎቶ መምጣቱን አላቆመም፤ ሰውም በፋይል መላክ አልተማረም። ሙስጠፋ ለጓደኞቹ ሲያወራ፣ ዋለ ከለቅሶው በኋላ ሥራው ፈጥኗል ይላል። እውነቱን ነው። ነጩን ክብ መጣል ትቷል፤ ዓይኑን መጨፈንም ትቷል። አሁን ፋይሉን እንደከፈተ ቀጥታ ከፊቱ ይጀምራል።